መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊልም ማየት፦ ስታዲየም አካባቢ በስድስት መኪና የሞከርነው

መጀመሪያ ቦታ። መሀል ከተማ ባዶ ሜዳ ፍለጋ አትድከሙ። ቅዳሜ ማታ ቢሮዎቹ ሲዘጉ ባዶውን የሚያድር የሕንፃ ፓርኪንግ ግን ሞልቷል። እኛ ስታዲየም አካባቢ አንዱን ለምነን አገኘን። ባለቤቱ ወዲያው ፈቀዱ፣ ዘበኛውን ማሳመን ነው ያስቸገረን።

ለስክሪን አቡጀዲ ይበቃል። ከመርካቶ ገዝታችሁ አሰፉትና አራቱንም ማዕዘን በገመድ ወጥሩት። ካልተወጠረ ነፋስ በመጣ ቁጥር የተዋናዩ ፊት ይሸበሸባል። ፕሮጀክተሩን ለሰርግ ከሚያከራዩት ውሰዱ። ዕቃችን አነሰ ብላችሁ አትፈሩ፤ ይህን ነገር የፈጠረው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ የሚባለው የኒው ጀርሲ ሰው የጀመረው አንሶላ ዛፍ ላይ ቸንክሮ፣ የኮዳክ ፕሮጀክተር መኪናው ኮፈን ላይ አስቀምጦ፣ ከአንሶላው ጀርባ ሬዲዮ ከፍቶ ነው። ዝናብ ቢመጣስ ብሎ የአትክልት ውኃ መርጫ ሁሉ መኪናው ላይ ለቆ ሞክሯል።

ሰውየው ብዙ የለፋው ግን ከኋላ የቆመው ሰው እንዴት ያያል የሚለው ላይ ነው። እናንተም አመሻሻችሁን የምትጨርሱት እዚያ ላይ ነው። የፊት ጎማ ስር እንጨት እየከተተ፣ አፍንጫውን ቀና ያደረገ መኪና ከፊቱ ባለው ጣሪያ ላይ አሻግሮ የሚያይበትን ከፍታ አገኘ። በ1933 እ.ኤ.አ. ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ያወጣው በዚሁ ነው፤ በዚያው ዓመት ጁን 6 ካምደን ከተማ አጠገብ ሲኒማውን ከፈተ። ዋጋው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ሌላ 25 ሳንቲም ነበር። እኛ ወፍራም ጣውላ ተጠቀምን። ቪትዞቹን ከፊት፣ ሚኒባሱን መጨረሻ ላይ አቆምን። የኋላ ጎማ ላይ ታኮ ማድረግ እንዳትረሱ!

ድምፅ ላይ እኛ ተሳስተናል። የሰርግ ስፒከር ከፍተን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጋሼ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጆች፣ ሰው ተኝቷል እኮ» አሉን። ካምደንም የሆነው ይኸው ነው፤ ትልልቆቹ ስፒከሮች ጎረቤት ይረብሹ ነበር፣ ኋላ ላለው መኪና ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አፍ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ቃሉ ይመጣል። በ1940ዎቹ በየመኪናው መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ስፒከር መጣ፣ ኋላ ላይ የፊልሙን ድምፅ ወደየመኪናው ሬዲዮ የሚልክ የኤፍ ኤም ማሰራጫ ተካው። እናንተ በቀጥታ ወደ ኤፍ ኤም ሂዱ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ትንሹ ማሰራጫ ጥቂት ሜትር ይደርሳልና መኪኖቹን አጠጋግታችሁ ቀድማችሁ ሞክሩት። ጉልበተኛ ማሰራጫ ያለ ፈቃድ አትንኩ። ደግሞ ጣቢያውን ከ88 እስከ 90 መካከል አድርጉት። ብዙ የጃፓን ሬዲዮ ከ90 በላይ አይዝም፤ እኛ 104 ላይ አድርገን ሁለት ቪትዝ ግማሽ ፊልም ድምፅ አልባ አይተዋል።

ሰዓት ላይ እድለኞች ነን። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሲኒማዎች በ1958 ከ4,000 በላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ መሬት ተወደደ፣ ቴሌቪዥን ቤት ለቤት ገባ፤ በ1966 ደግሞ በበጋ ሰዓት ወደፊት የሚገፋበት ሕግ ወጣና ጨለማው ዘገየ፣ ፊልሙ የሚጀምረው ልጆች ሊተኙ ሲሉ ሆነ። አዲስ አበባ ግን ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይጨልማል። ክረምቱን ብቻ ዝለሉት። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፣ ብርዱ ግን አይጣል ነውና ጋቢ ያዙ።

መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር ያስፈልጋል፣ እሱንም ከሕንፃው ጀርባ አርቃችሁ አስቀምጡት። ሞተር ይጥፋ፣ ሬዲዮ ብቻ ይብራ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሬዲዮ የከፈተ አሮጌ ባትሪ ላይነሳ ይችላልና አንድ ሰው የባትሪ ገመድ ይዞ ይምጣ። እኛ አልያዝንም፤ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አንዷን ቪትዝ እየገፋን ያስወጣናት ከዘበኛው ጋር ነው።