የሸረሪት መርዝ ስኳር ሲይዝ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

«መርዙ ስኳር ይይዛል» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የሻይ ስኳር ነው። ስህተቱ ከዚሁ ይጀምራል። ነገሩ የሚመለከተው በሴሎች ገጽ ላይ እንደ ጸጉር የበቀሉትን የስኳር ሰንሰለቶች ነው። የደም ዓይነት ኤ እና ቢ እንኳ የሚለያዩት በሰንሰለቱ ጫፍ ባለች አንዲት ስኳር ነው፤ በቢ ጋላክቶስ ናት፣ በኤ ደግሞ ናይትሮጅን ያዘለች ዘመዷ። እንዲህ ያሉ ስኳሮችን መርጠው የሚይዙ ፕሮቲኖች ሌክቲን ይባላሉ።

መርዝን ሁሉ ሌክቲን ማድረግም ያሳስታል። በደቡብ ቻይና የምትኖር አንዲት ትልቅ ታራንቱላ (ጸጉራም ሸረሪት) መርዝ ውስጥ 32 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ብቻ ያሉት፣ በ3 የሰልፈር ድልድዮች የተቋጠረ ሌክቲን ተገኝቷል። በዚያው መርዝ 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ቅርጹ የሚመሳሰል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ የዚህኛው ሥራ ግን የነርቭ ሴሎችን የካልሲየም መተላለፊያ መዝጋት ነው። መልክ አይቶ ሥራ መገመት እዚህ አያዋጣም።

እኔን የሚያናድደኝ ግን መርዙ ሌክቲን እንዳለው የሚፈተሽበትን ሙከራ ውጤት ገልብጦ ማንበብ ነው። ቀይ የደም ሴሎች ታቹ ክብ በሆነ ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ከሚፈተሸው የመርዝ ናሙና ጋር ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ቆይቶ መሃል ላይ ጥርት ያለች ቀይ ነጥብ ስትታይ ተማሪው «ተያያዘ!» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ነጥቧ የተሠራችው ሴሎቹ ነጻ ሆነው ቁልቁል ስለተንሸራተቱ ነው። ሌክቲን ሲያያይዛቸው እንደ መረብ ሆነው የጎድጓዳውን ወለል በስሱ ያለብሱታል።

መረቡን ዓይቶ መቸኮልም አይገባም፣ ሴሎች በሌላ ምክንያትም ይጣበቃሉ። ስለዚህ ነጻ ስኳር ይጨመራል። ሌክቲኑ የሚፈልገው ስኳር ከሆነ ስኳር የሚይዝበትን ኪስ ይሞላበትና ሴሎቹን ያስለቅቀዋል፤ ቀይዋ ነጥብም ትመለሳለች። በአንድ ስኳር ብቻ ሞክሮ ማቆም ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ ነጠላውን ችላ ብለው ሰንሰለቱን ብቻ የሚይዙ ሌክቲኖች አሉ።

መያዙን እንደ ሙጫ መቁጠርም የተለመደ ነው። ስኳሯን ኪሱ ውስጥ የሚያቆዩአት በአብዛኛው ደካማ የሃይድሮጅን ትስስሮች ናቸው፤ ገባ ወጣ ትላለች። ጥንካሬው የሚመጣው ከብዛት ነው፣ ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ ጭጎጎት፤ የአንዷ እሾህ አያያዝ ኢምንት ነው። ሁለት ሴሎችን ለማገናኘትም ቢያንስ ሁለት መያዣ ያስፈልጋል። አንድ ኪስ ብቻ ያለው ፕሮቲን ስኳሩን በሚገባ ይዞ እያለ ቀይዋ ነጥብ እንደነበረች ልትቀር ትችላለች፤ በዚያች ነጥብ ብቻ «ስኳር አይይዝም» ብሎ መዝገቡን የዘጋ ተማሪ ጥቂት አይደለም።