የእንሰት መጽሐፉ ሥዕሎች የፈቃድ ችግር እንዴት ተፈታ

ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ የተዘጋጀ ረቂቅ ለማሳተም ከተቀበልሁ በኋላ፣ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ፈቃድ ሳይጠየቅ ከምርምር መጽሔቶች የተወሰዱ መሆናቸውን ያስተዋልሁት ውሉ ሊፈረም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። ደራሲው «ምንጩን ጠቅሻለሁ» ቢሉም፣ ምንጭ መጥቀስ ፈቃድን አይተካም። ስለዚህ ሥዕሎቹን በፈቃዳቸው ዓይነት ለየኋቸው፦ ምንጭ እስከተጠቀሰ ድረስ ለንግድም መጠቀምን የሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለመብቱ ሌሎች በሥራው እንዲጠቀሙ አስቀድሞ የሚሰጠው ክፍት ፈቃድ) ያላቸው ባሉበት ሲቆዩ፣ ንግድን ለሚከለክሉት፣ መጽሐፉ የሚሸጥ በመሆኑ፣ ለባለመብቶቹ ጻፍን። ግራፎቹን ከቁጥሮቹ ተነሥተን እንደ አዲስ ሠራናቸው (የሌላውን መስመር ተከትሎ መገልበጥ ግን መፍትሔ አይደለም)። ከተቆረጠው ግንድ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣ የሚያሳየውን ፎቶ፣ ያለ እርሱ ምዕራፉ ጎዶሎ ስለሚሆን፣ ደራሲው ራሳቸው ማሳ ወርደው አነሡት። አሁን የሥዕሎችን ዝርዝር ከነፈቃዳቸው የምጠይቀው ገና የመጽሐፉ ዕቅድ ሲቀርብልኝ ነው።