«ፊክስ» ብቻ ብላችሁ ኮሚት አታድርጉ

ትናንት ማታ አንድ የክፍያ ስህተት ስፈልግ ጊት ብሌም ከፈትኩ (ጊት የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ ብሌም ደግሞ እያንዳንዷን መስመር መጨረሻ ማን እንደነካት ያሳያል)። ያቺን መስመር ማን ነካት? እኔው። ለውጡን ስመዘግብ (ኮሚት ሳደርግ) የጻፍኩት መልእክትስ? «ፊክስ»። ከስምንት ወር በፊት ምን እንዳስተካከልኩ ለራሴም ጠፍቶብኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ ታዲያ ከየት ያመጣዋል?

ኮሚት ስታደርጉ ለምን እንደቀየራችሁ ጻፉ። ምን እንደተቀየረማ ዲፉ (የድሮውና የአዲሱ ኮድ ልዩነት) ራሱ ያሳያል። «ፊክስ» ከማለት «ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደንበኛው ሁለቴ ክፍያ እንዳይቆረጥበት ማድረግ» ብትሉ ሰው ኮዱን ሳይከፍት ይገባዋል።

የመጀመሪያዋ መስመር ከ50 ፊደል ብዙ ባትርቅ ጥሩ ነው። ቀጥሎ አንድ ባዶ መስመር፣ ከዚያ ዝርዝሩ። ባዶዋን መስመር እንዳትዘሏት፤ ጊት ርዕሱን ከዝርዝሩ የሚለየው በሷ ነው። ከተዘለለች ሎጉን (የኮሚቶቹን ታሪክ) ባጭሩ ስታዩት ሁሉም ተደባልቆ አንድ ረጅም መስመር ይሆናል።

ሰረዝ ኤም (-m) የምትባለዋን፣ መልእክቱን እዚያው ትእዛዙ ላይ የምታስጽፈዋን አቋራጭም ቀንሱ (እኔን ያበላሸችኝ እሷ ናት)። ዝም ብላችሁ «ጊት ኮሚት» ስትሉ ኤዲተሩ ይከፈታል፤ ለማሰብ ፋታ ታገኛላችሁ። ርዕሱ ላይ «እና» ከበዛባችሁ ግን ችግሩ መልእክቱ ላይ አይደለም፤ ኮሚቱን ለሁለት ክፈሉት። ፑሽ ሳታደርጉ (ኮሚቱን ወደ ጋራው ማከማቻ ሳትልኩ) ስህተት ካያችሁ ደግሞ የመጨረሻውን ኮሚት የምታርሙበት አሜንድ አለላችሁ።