በባዕድ አገር የጎዳና ምስል ካርታን መርጦ መጠቀም

ወደ አዲስ አገር የሚሄድ ሰው የቤት ኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ሰፈሩን በጎዳና ምስል፣ ማለትም በኢንተርኔት ካርታ ላይ መንገዱን ቆመው እንደሚያዩት በሚያሳዩ ፎቶዎች፣ ቢመለከት ከብዙ ጸጸት ይድናል። በቅድሚያ መጣራት ያለበት በዚያ አገር የትኛው አገልግሎት በደንብ እንደሚሠራ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ጉግል ስትሪት ቪው ብዙ አገሮችን ቢያዳርስም፣ በደቡብ ኮሪያ ኔቨርና ካካኦ፣ በቻይና ባይዱ፣ በሩሲያ ደግሞ ያንዴክስ የራሳቸው የጎዳና ምስል አላቸው።

የአገር ውስጡን ካርታ ሲጠቀሙ አድራሻውን በላቲን ፊደል ከመጻፍ ይልቅ፣ በአገሩ ፊደል ከተጻፈው ውል ወይም ማስታወቂያ ላይ ቀድተው ይለጥፉ። ከአንዱ ካርታ ወደ ሌላው የቦታ መጠቆሚያ ቁጥሮችን ማዛወር ግን በተለይ በቻይና ያሳስታል፤ የአገሪቱ ካርታዎች ሆን ተብሎ በተዛባ የልኬት ሥርዓት ስለሚሠሩ፣ ነጥቡ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ሊርቅ ይችላል።

ምስሉ የተነሣበትን ወርና ዓመት ሳያዩ ምንም አይወስኑ፤ ባዶ መስክ ሆኖ የሚታየው ቦታ ዛሬ የግንባታ ሥፍራ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጠቅመው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤቱ በር ያለውን መንገድ በምስሉ ላይ እርምጃ በእርምጃ መከተልና የእግረኛ መንገዱን፣ ዳገቱንና የመብራት ምሰሶዎቹን ልብ ማለት ነው። ጉግልም ሆነ የአገር ውስጡ ካርታ ያልደረሱበት ጎዳና ካለ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ምስል የሚጭኑበትን ማፒላሪን ይሞክሩ።