ለሰሜን ሸዋ መንገድ ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? ፎር ዊል መኪና ሲመርጡ እንዴት እንደሚወስኑ

ፎር ዊል መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው «ማኑዋል ይሻለኛል ወይስ አውቶማቲክ?» ብሎ ሲጠይቅ ወሬው ቶሎ ወደ ዳገት ይሄዳል። የትኛው ይወጣል፣ የትኛው ይለግማል ይባላል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ግን መቅደም ያለበት የቁልቁለቱ ጥያቄ ነው። ዳገት ያቃተው መኪና ቆሞ ይቀራል፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ያጣ መኪና ግን ከፊቱ ገደል ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከቁልቁለት ተነስቶ ወደ ሌላው ይሄዳል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገዢ የሚያገኘው በአብዛኛው አገር ውስጥ ሲሠራበት የቆየ መኪና ነው። የካምቢዮው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ያለበት ሁኔታም እኩል ያሳስባል፤ የመጨረሻው እርምጃ የረዘመውም ለዚህ ነው።

1. መንገድዎን ወረቀት ላይ ያስፍሩ

ከክረምት እስከ ክረምት የሚሄዱባቸውን መንገዶች ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቁልቁለቱ ምን ያህል ይረዝማል፣ አፈሩ ምንድን ነው፣ ጭነት ይኖራል ወይ።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ለምርጫው ምንም አይጨምርም፤ ሁለቱም ይሄዱበታል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ያለው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አስፋልት ቢሆንም ጉሙና ጥምዝምዙ ተጨምሮበት ፍሬን ይፈትናል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርዱትም እንዲሁ በአጭር ርቀት ብዙ ከፍታ የሚጥሉ ናቸው። እነዋሪና ጅሩ በኩል ችግሩ ቁልቁለት ሳይሆን ጥቁር አፈሩ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከፍታው ራሱ፤ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው።

2. ዝቅተኛውን ማርሽ ያስሉ

ሻጭ የማይነግርዎት፣ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ይህ ነው። የአንደኛ ማርሽን ሬሾ (የዙር መቀነሻ ቁጥር)፣ የፎር ሎውን፣ ማለትም የፎር ዊሉን ዝቅተኛና ኃይለኛ ማርሽ ሬሾና የዲፈረንሻሉን ሬሾ ያባዙ። የሚያገኙት ውጤት ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይነግርዎታል። ቁጥሩ በበዛ መጠን መኪናው ፍሬን ሳይነካ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሦስቱንም ሬሾ በመኪናው የቴክኒክ ዝርዝር ውስጥ ያገኛሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ሱዙኪ ጂምኒ እንውሰድ። የማኑዋሉ አንደኛ ማርሽ 4.425፣ ፎር ሎው 2.002፣ ዲፈረንሻሉ 4.090 ነው፤ ሲባዛ 36 ገደማ ይመጣል። አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ደግሞ 2.875፣ 2.002 እና 4.300 ነው፤ ውጤቱ 25 አይሞላም። መኪናው ያው ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፤ ነገር ግን በእኩል የሞተር ዙር አውቶማቲኩ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ፍሬንን በራሱ የሚቆጣጠር ቁልፍ አለው። ያ ቁልፍ ግን የሚሠራው በፍሬን ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ የሚግለው ያው ፍሬን ነው።

ፎር ሎው የሌለው መኪና ላይ ይህን ስሌት ማድረግ አያስፈልግም። ለሰሜን ሸዋ ገጠር እንዲህ ዓይነቱን መኪና አልመክርም፣ ካምቢዮው የፈለገው ይሁን።

3. ቁልቁለቱን ያስቡ

ማኑዋል ላይ ሞተሩና ጎማው በፍሪሲዮኑ በኩል በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ፎር ሎው አስገብተው በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ሲወርዱ፣ እግርዎን ከሁሉም ፔዳል ላይ ቢያነሱም ሞተሩ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ከመውረድዎ በፊት ማርሹን ይምረጡ፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን አይርገጡ። መሃል ላይ ማርሽ ልቀይር ብለው ፍሪሲዮን የረገጡ ጊዜ መኪናው ይለቀቃል።

አውቶማቲክ ላይ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው በዘይት የሚሠራ ቶርክ ኮንቨርተር ነው። መቀየሪያውን ዲ (መደበኛው መንጃ) ላይ ትተው ከወረዱ፣ በተለይ በቆዩት ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮዎች፣ ካምቢዮው ወደ ላይኛው ማርሽ እየቀየረ መኪናው ይሮጣል። መፍትሔው መቀየሪያውን ወደ ኤል (ዝቅተኛው ማርሽ) ወይም ወደ 2 ማውረድ ነው፤ አዲሶቹ ላይ የመቀነስ ምልክት ባለበት በኩል ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ፎር ሎው ላይ ኤል ካስገቡ ጥሩ ይይዛል፣ ግን እንደ ማኑዋሉ አጥብቆ አይይዝም፤ በየመሃሉ ፍሬኑን ነካ ማድረግ ይኖርብዎታል። ፍሬን ሲነኩም ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁት፤ ያለማቋረጥ መርገጥ ሸራውንም ዘይቱንም ያግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ እየሰመጠ እምቢ ይላል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ በሁለቱም ላይ ሕይወት ላይ መጫወት ነው። እባክዎ አያድርጉት።

4. ዳገቱንና ስስ አየሩን ይመዝኑ

እዚህ ላይ አውቶማቲክ ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ላንድ ክሩዘር ላይ ያለው ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው መንዝ ላይ የሚያገኙት ጉልበት ቆላ ከሚያገኙት ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጉልበት ያጣ ሞተር ይዞ፣ ጭነት ጭኖ፣ ድንጋያማ ዳገት መሃል ላይ ቆሞ እንደገና መነሳት ለማኑዋል ፈተና ነው፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን አንጠልጥሎ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሽታው ይመጣል፣ ሸራው ያልቃል። መድኃኒቱ ሳይቆዩ ቀድሞ ፎር ሎው ማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ማንጠልጠል ሳያስፈልግ መኪናው ይነሳል።

ቶርክ ኮንቨርተር ግን ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩን ጉልበት እስከ ሁለት እጥፍ ያባዛል። በስሌቱ ላይ ያየነውን የጂምኒ ልዩነት ዳገት ላይ የሚያካክሰው ይህ ነው። የሚቃጠል ፍሪሲዮን የለም፣ ሞተሩም በቀላሉ አይጠፋም። ዋጋው ሙቀት ነው። የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ያላቸው መኪኖች ላይ መብራቱ ከበራ ያቁሙ፣ ፒ (የማቆሚያው ቦታ) ያስገቡ፣ ሞተሩን ግን አያጥፉ፤ ዘይቱ እየዞረ እንዲበርድ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ማኑዋል ዳገት ላይ ከጠፋብዎት በፍሪሲዮን አይታገሉ። ፍሬን ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ፎር ሎው ላይ እንዳለ የኋላ ማርሽ አስገብተው ሞተሩን ያስነሱና በሞተሩ ተይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይውረዱ። መንገዱ እስኪለሰልስ ድረስ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ።

5. ጭቃና ወንዝ

የጅሩ ጥቁር አፈር ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ያልተቆራረጠ፣ ለስላሳ ጉልበት ነው፤ አውቶማቲክ ይህን ሳይለፋ ይሰጣል። ማኑዋል የያዘ ሰው አንደኛን ትቶ በፎር ሎው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ቢገባ ጎማው እየተሽከረከረ አይቆፍርም። አውቶማቲክን ከጭቃ ለማውጣት ዲ እና አር (የኋላ ማርሽ) መካከል እየተመላለሱ ማወዛወዝ ግን ካምቢዮውን ያግላል፤ አካፋና ድንጋይ ይቅደም። ወንዝ ሲሻገሩ ማኑዋል ላይ ውሃው ውስጥ ፍሪሲዮን አይርገጡ።

6. ማን ይነዳዋል? ማን ይጠግነዋል?

መኪናውን ብዙ ሹፌር የሚቀባበለው ከሆነ፣ የፕሮጀክት ወይም የድርጅት ከሆነ፣ ማኑዋል ላይ ፍሪሲዮን በየጊዜው ያልቃል፤ ነገር ግን ፍሪሲዮን መቀየር የትኛውም የወረዳ ከተማ ጋራዥ ያለ መካኒክ የሚችለው ሥራ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ጉዞው ወደ አዲስ አበባ ነው፣ መኪናውም በጭነት። አውቶማቲክን አራቱም ጎማ መሬት ይዞ ሩቅ መጎተት ካምቢዮውን ይበላዋል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደብረ ብርሃን ውርጭ የደከመ ባትሪ አያስነሳም። ማኑዋል ሦስት ሰው ገፍቶት በሁለተኛ ማርሽ ይነሳል። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም፤ ገመድና ሌላ ባትሪ ያስፈልጋል። መሃል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። መኖሪያዎ መንዝ፣ መርሐ ቤቴ ወይም አንኮበር ቆላው ከሆነ፣ ኩንታል የሚጭኑ ከሆነ፣ ማኑዋል ይግዙ። ደብረ ብርሃን ተቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ከተማና አስፋልት የሚነዱ፣ አልፎ አልፎ ገጠር የሚወጡ ከሆነ፣ ወይም ጉልበትዎ ወይም ወገብዎ ፍሪሲዮን የማይፈቅድ ከሆነ፣ ፎር ሎው ያለው እውነተኛ ባለ ማርሽ አውቶማቲክ ምንም አያሳፍርም። በቀበቶ የሚሠራውን ሲቪቲ የተባለ አውቶማቲክ ግን ለዚህ አገር ዳገት ብለው አይግዙት፤ በዝግታና በጭነት ሲሠራ ቶሎ ይግላል።

7. ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይፈትሹ

ማኑዋል ከሆነ፦ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ፊት ለፊት ሰው እንዳይቆም ያድርጉ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። እየዞረ ከቀጠለ ሸራው አልቋል፤ ከዋጋው ያስቀንሱ።

አውቶማቲክ ከሆነ፦ ሞተሩ ይሙቅ። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ ይጥረጉ። ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው መኪናውን ይተዉት። ከዚያ ፍሬን ረግጠው ከፒ ወደ አር፣ ከኤን (ባዶ ማርሽ) ወደ ዲ ያስገቡ። ሳይዘገይና ሳይመታ መያዝ አለበት።

ሁለቱንም ፎር ሎው ያስገቡና ኮረኮንች ላይ ይንዷቸው፤ ለዓመታት ያልተነካ የፎር ዊል መቀየሪያ አንዳንዴ ተጣብቆ ይገኛል። የፎር ዊሉ መቀየሪያ ኤን ላይ ከሆነ አውቶማቲኩ ፒ ላይ ቢሆንም መኪናው ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑ ሁልጊዜ ይሳብ።

በመጨረሻ መኪናውን ወደ አንድ ቁልቁለት ይውሰዱት። ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚገዙ ከሆነ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ያለው ይበቃል። በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፣ ሞተሩ እንዴት እንደሚይዘው ይስሙ፣ ደብረ ሲና ሲደርሱ ወርደው ጎማዎቹ አጠገብ የፍሬን ሽታ መኖሩን ይፈትሹ። ከዚያ ያንኑ መንገድ ተመልሰው ይውጡና ካምቢዮው ማርሽ እየፈለገ ሲዋልል ወይም ፍሪሲዮኑ ሲንሸራተት እንደሆነ ያዳምጡ። ሻጩ ይህን ሙከራ ካልፈቀደ ሌላ መኪና ይፈልጉ።