ልጅን ሰዓት ስታስተምሩ መጀመሪያ ረጅሙን ቆጣሪ አውጡት

የአምስት ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ሁለቱን ቆጣሪ አንድ ላይ አትጫኑበት። ሰሃን ካርቶን ላይ ደፍታችሁ ዙሪያውን አስምሩና ቁረጡት። መጀመሪያ 12፣ 6፣ 3 እና 9ን ጻፉ፣ ሌሎቹን በየመሀሉ አስገቡ፤ ከ1 ጀምራችሁ በተራ ከጻፋችሁ መጨረሻ ላይ ይጨናነቃሉ። ከዚያ አጭሩን ቆጣሪ ብቻ በስፒል አያይዙ።

አሁን "ስንት ሰዓት ነው?" አትበሉት። "ቆጣሪው ማንን አልፏል?" በሉት። ሁለትን አልፎ ሦስት ካልደረሰ፣ ገና ሁለት ሰዓት ነው። "ሁለት ከምናምን" ካለ ጎበዝ በሉት፣ በቃ። ልክ መሀል ላይ ሲሆን ተኩል ነው።

ቁጥሩን ከውሎው ጋር አያይዙለት፦ ትምህርት ቤት፣ ምሳ፣ መኝታ። ቅዳሜ ገበያ ስትሄዱ "ማሙሽ፣ አራት ሰዓት ሊሞላ ሲል ንገረኝ" ብላችሁ ሰዓቱን ስጡት፤ ሲኮራ ታዩታላችሁ። "ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው" ብላችሁ ግን አታስተምሩ። ጎንደር ላይ በጥር የምትወጣው አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው፣ አናት ላይ የምትደርሰውም ስድስት ተኩል ገደማ። የአገሪቱ ሰዓት የሚለካው ካርታ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሰመረው የ45 ዲግሪ ምሥራቅ መስመር ሲሆን እኛ ጎንደሮች ከሱ በስተምዕራብ 37 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነን፤ ፀሐይ እኛ ጋ ዘግይታ ትደርሳለች፣ ግማሽ ሰዓቱ ከዚያ ይመጣል። ልጅ ደግሞ የነገሩትን በመስኮት አይቶ ያፋጥጣል።

ረጅሙን ቆጣሪ የምትመልሱት በአምስት አምስት እስከ 60 መቁጠር ሲችል ነው። "ሁለት ከሩብ" ማለት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው "ጉዳይ" ነው፤ "ለሦስት ሩብ ጉዳይ" ስትሉት ሦስት የሚለውን ይሰማና ሦስት ሰዓት አለፈ ብሎ ያስባል። ስለዚህ እሱን ለመጨረሻ አቆዩት፣ እስከዚያ "ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት" ይበል። ጊዜው ሲደርስ "ለሦስት ስንት ቀረው?" በሉና ከ12 ወደኋላ በአምስት አምስት አስቆጥሩት።

ስልካችሁን ማየቱ አይቀርም። እናንተ ሁለት ሰዓት ስትሉ ስልኩ 8 ይላል። እኛ ከንጋት፣ ፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት ስለምንቆጥር ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ካርቶኑ ላይ ስታዩት ደግሞ ልክ ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ነው። ከ8 ፊት ለፊት 2፣ ከ9 ፊት ለፊት 3። ጣቱን መሀሉን አቋርጦ ያስኪደው። ስልኩ 14:00 የሚል ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ወደ 12 ሰዓት አቆጣጠር ቀይሩት።