ለትምህርት ቦርድ ለመወዳደር ካሰባችሁ

ከመመዝገባችሁ በፊት ቢያንስ 3 የቦርድ ስብሰባዎችን ከኋላ ወንበር ሆናችሁ ተከታተሉ። እኔ ይህን ሳላደርግ ገብቼ የመጀመሪያውን ምርጫ ተሸነፍኩ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ስለ በጀቱ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ ፊታቸው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ በጀቱን ገጽ በገጽ አንብቡ፣ በተለይ ደመወዝ የሚለውን፤ ብዙው ገንዘብ የሚሄደው እዚያ ነው።

የድጋፍ ፊርማ ከተጠየቀ ከተባለው በላይ ሰብስቡ፤ ስህተት ያለበት ይሰረዛል። ከዚያ ቤት ለቤት ሂዱ። ለቦርድ ምርጫ የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ደጃፍ ይቆጠራል።

«እገሌን መምህር አስነሳለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ቦርድ ፖሊሲ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፤ የዕለት ሥራው የትምህርት አስተዳዳሪዎቹ ነው። ከተመረጣችሁ በኋላም ስልካችሁን አንሱ። እኔን ለሁለተኛ ዘመን የመረጡኝ ደውለው ያገኙኝ ወላጆች ናቸው።